የአያቴ ቱርኩዊዝና አልማዝ፦ ላስጥበው፣ ድንጋዩን ላስቀይር ወይስ ልሽጠው?

የለገጣፎዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ድሮ ጌጣጌጥ የምታውቁ ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ከአያቴ አንድ ብሮሽ (ልብስ ላይ የሚሰካ ጌጥ) እና አንድ ጥንድ የጆሮ ጌጥ ደርሶኛል። ብሮሹ የአበባ ቅርጽ አለው። ቅጠሎቹ ቢጫ ወርቅ ናቸው። መሃሉ ላይ ቱርኩዊዝ የሚባሉት ሰማያዊ ድንጋዮች ተሰብስበዋል፤ በየመካከላቸው ትንንሽ አልማዞች አሉ። የጆሮ ጌጦቹ በክሊፕ የሚያዙ ናቸው፣ ጆሮ መበሳት አይፈልጉም። ባለቤቷ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ለሥራ ውጭ አገር ሄደው ሲመለሱ ያመጡላት ናቸው ይባላል።

አሁን ቱርኩዊዞቹ እኩል አይደሉም። ገሚሶቹ ጥርት ያለ ሰማያዊ ናቸው፣ ገሚሶቹ ወደ አረንጓዴ ሄደዋል። አንድ አልማዝም ወድቋል። አንድ ወርቅ ቤት ብወስደው “በእንፋሎትና በማሽን አጥበን አዲስ እናስመስለዋለን” አሉኝ። ሌላው ሚዛን ላይ አስቀምጦ የግራም ዋጋ ነገረኝ፤ ድንጋዮቹን ከነጭራሹ አልቆጠራቸውም። እናቴ አረንጓዴዎቹ ይውጡና በቀለማት የሚያበራው የወሎ ኦፓል ይግባበት ትላለች፣ ለሠርጌ እንዳደርገው። ወንድሜ ይሸጥ ባይ ነው። እዚህ ለገጣፎ የጀመርነው ቤት ጣሪያ ይቀረዋል።

ቱርኩዊዙ ተበላሽቶ ነው ወይስ መጀመሪያውኑ እውነተኛ አይደለም? ምን ላድርግ?

ከአያት ማዶ
ነፍሷን ይማር እህቴ። ለጊዜው ማንም እንዳይነካው። ብሮሹን ገልብጪና ከጀርባው የተመታ ምልክት ካለ ጻፊልን። ቁጥርም ፊደልም ሊሆን ይችላል። የስልክሽን ካሜራ አጉልተሽ እዪው።

የለገጣፎዋ
አየሁት። 750 ይላል። ከሱ ራቅ ብሎ ባለ ስድስት ጎን ትንሽ ሳጥን አለ። በውስጡ ኮከብ፣ ከኮከቡ ቀጥሎ ቁጥር፣ ከዚያ ሁለት የላቲን ፊደል፦ ኤ እና ኤል። በጆሮ ጌጦቹ ክሊፕ ላይም ያው ነው።

የቃሊቲ አንጥረኛ
ልጄ፣ ይህ ምልክት ብዙ ይናገራል።

750 ማለት ከ1000 እጅ 750ው ንጹሕ ወርቅ ነው፤ እኛ 18 ካራት የምንለው። ኮከቡ፣ ቁጥሩና ሁለቱ ፊደላት ደግሞ የጣሊያን የሠሪ ምልክት ናቸው። ቁጥሩ የሠራውን ወርክሾፕ ይለያል፣ ፊደላቱ አውራጃውን። ኤ እና ኤል አሌሳንድሪያ ነው። እዚያ አውራጃ ውስጥ ቫሌንዛ የምትባል ከተማ አለች፤ ሕዝቧ ከአባት ወደ ልጅ ወርቅ ሲሠራ የኖረ ነው። ይህ የኮከብ ምልክት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣ ሕግ ነው። ስለዚህ ጌጡ ከዚያ በፊት አልተሠራም። በእኛ አቆጣጠር ከ1960 ወዲህ ማለት ነው፤ ቤተሰብሽ ከሚለው ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ ቱርኩዊዝን ከአልማዝና ከቢጫ ወርቅ ጋር ማዋሃድ በአውሮፓ ትልቅ ፋሽን ነበር።

አሁን ወደ ማሽኑ። በምንም ምክንያት አታስጥቢው። የሚሉት ማሽን አልትራሶኒክ ነው። ፈሳሹን በኃይል እያንቀጠቀጠ ቆሻሻ ያራግፋል። ለአልማዝ ቀለበት ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ቱርኩዊዝ ግን ፈሳሽ ይመጥጣል። የሳሙናውን ውሃ ከነቆሻሻው ይጠጣዋል። እንፋሎቱ ደግሞ ያሞቀዋል። በዚያ ላይ እንዲህ ጎበጥ ተደርጎ የተሞረደ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሙጫ አለው፤ ሙቀት ሲያገኘው ይለቃል።

አልማዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 10 ነው፣ ከሱ በላይ የለም። ቱርኩዊዝ ከ5 እስከ 6 ነው። ሁለቱን አንድ ጌጥ ላይ ስታገኚ የሥራው ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን የሚያጸዳው ሌላውን ይገድለዋል። እንዲህ ያለ ጌጥ ሁልጊዜ በደካማው ድንጋይ ልክ ነው የሚያዘው።

ድንጋይ ወዳድ (ሱሉልታ)
ጋሼ የጻፉት ልክ ነው፤ እኔ ከድንጋዩ በኩል ልጨምር።

ቱርኩዊዝ የመዳብና የአሉሚኒየም ፎስፌት ነው፣ በውስጡም ውሃ አለው። የሚፈጠረው ደረቅ በሆነ አገር፣ መዳብ ባለበት ዓለት ውስጥ ውሃ ሲሰርግ ነው። ሰማያዊውን የሚሰጠው መዳቡ ነው። የአሉሚኒየሙን ቦታ ብረት ከያዘው ከመጀመሪያውም አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። የጥንት ግብጾች ከሲና፣ ከሰራቢት ኤል ኻዲም ያወጡት ነበር። ለጌጥ ሥራ ለብዙ ዘመን በጣም የተከበረው ግን የኢራኑ የኒሻፑር ነው፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ ጥቁር ሥር (መስመር) የሌለበት። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ስሊፒንግ ቢዩቲ የሚባለው የማዕድን ማውጫ ተመሳሳይ ንጹሕ ሰማያዊ ያወጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ቱርኩዊዝ ማውጣት አቆመ። ጥሩ ሰማያዊ ድንጋይ ዛሬ በቀላሉ የማይተካው አንዱ ለዚህ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የአንቺዎቹ እኩል ቀለም አለመቀየራቸው አያስደንግጥሽ። እኔ ብሆን ደስ ነው የሚለኝ። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስላሳውን ቱርኩዊዝ በፕላስቲክ ሙጫ እየነከሩ ማጠንከር ተለምዷል። የተነከረ ድንጋይ ቀዳዳው ስለሚደፈን ቀለሙ እምብዛም አይቀየርም። ከፕላስቲክና ከመስታወት የተሠራ ማስመሰያም ይሁን እንዲሁ በአንድ ቀለም ይቆያል። ከአንድ አበባ ላይ አንዱ አርጅቶ ሌላው ሳይነካ መቅረቱ፣ ድንጋዮቹ ተፈጥሯዊና ያልተነከሩ ለመሆናቸው ጥሩ ምልክት ነው። እያንዳንዱ የየራሱ ቀዳዳና የየራሱ ታሪክ አለውና።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አረንጓዴዎቹ ተበታትነዋል ወይስ በአንድ በኩል ናቸው?

የለገጣፎዋ
ይገርማል፣ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ሁሉም ማለት ይቻላል በላይኛው ጎን ናቸው፣ ወደ አንገት በሚዞረው በኩል። የታችኞቹ ሰማያዊ ናቸው። የጆሮ ጌጦቹም ወደ ፀጉር የሚዞረው ጎናቸው ነው የተቀየረው።

የቡራዩ እናት
እኔ ልንገርሽ፤ ቅቤ ነው። ቅቤና ሽቶ።

የድሮ እናቶቻችን በዓል ሲሆን ፀጉራቸውን ቅቤ ይቀባሉ። ነጠላውን ያጣፉና ጌጡን ትከሻቸው አጠገብ ያደርጋሉ። ቅቤው ፀሐይ ሲነካው ወደ አንገት ይወርዳል። ከዚያ ላይ ሽቶ ይረጫል። ያ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ላይኛዎቹ ድንጋዮች ናቸው የሚቀበሉት። አያትሽ ጌጡን በሣጥን አልቆለፈችበትም፤ አድርጋዋለች። ደስ ይበልሽ።

ሌላም ልበል። እኛ አገር ብርም ወርቅም ሲደበዝዝ በሎሚ ወይ በአመድ እናሻለን። እንዶድ የሚነክርም አለ። ለዚህ ግን አይሆንም። ሎሚው አሲድ ነው፣ አመዱ ይቧጥጣል። እናትሽ “እኔ ላጽዳልሽ” ካለችሽ በአክብሮት ተቀበያት እንጂ አትስጫት።

የለገጣፎዋ
እማዬ፣ ልክ ኖት! ቅቤ ከበዓል በዓል አይቀርባትም ነበር። ታዲያ አረንጓዴው ይመለሳል?

ድንጋይ ወዳድ (ሱሉልታ)
አይመለስም። ድንጋዩ የጠጣውን የቅቤውን ዘይት እናወጣለን የሚሉ አይጠፉም። ዘይቱ ግን የገባው ከላይ ብቻ አይደለም። ኬሚካል መጨመር ማለት ሌላ ነገር ማስጠጣት ነው። ከፊቱ ሞርደው ቀለሙን እንመልሳለን የሚሉም አሉ፤ ከዚያ ድንጋዩ ይቀጥናል፣ ማቀፊያው ውስጥም ይላላል። አረንጓዴው ይቆይ።

ሰበታ መንገድ
ሁላችሁም ጌጡን ወዳችሁታል፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን የወንድሟን ነገር ማንም አልመለሰላትም። ከከተማ ዳር ቤት መጨረስ ምን እንደሆነ የምናውቅ እናውቀዋለን። ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ያልለበሰ ግድግዳ ይፈርሳል። የሞተ ሰው ጌጥ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የቆመ ሰው ዝናብ አይምታው። መሸጥ ነውር አይደለም።

የቃሊቲ አንጥረኛ
ወንድሜ፣ ነውር ነው ያለ የለም። እኔም ሕይወቴን ስገዛና ስሸጥ ነው የኖርኩት። ግን እንዴት እንደሚሸጥ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነውና።

ወርቅ ቤት በግራም ሲገዛ የሚገዛው የሚቀልጥ ወርቅ ነው። ሰውዬው እያታለላት ላይሆን ይችላል። ለሱ ሥራ ትንንሽ አልማዝ አንድ በአንድ ማውጣት ድካም ነው። በድንጋይ ሚዛን አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። እንዲህ ያሉ አበቦች ላይ የሚገቡት አልማዞች የካራት መቶኛ ጥቂት ብቻ ናቸው። ቱርኩዊዙን እሳቱ ያነደዋል፤ አበባውን ሠርቶ ያቆመው እጅ ደግሞ ሚዛን ላይ አይወጣም። ስለዚህ በግራም የሚሸጥ ሰው ከሦስት ነገር የአንዱን ዋጋ ብቻ ይቀበላል።

መሸጥ ግድ ከሆነ፣ እንደ ጌጥ ይሸጥ። ሦስቱ አንድ ላይ ይሁኑ። ብሮሽና ጥንድ የጆሮ ጌጥ፣ ከአንድ እጅ የወጣ፣ ምልክቱ የተሟላ፤ ይህ ሲነጣጠል ይወርዳል። የድሮ ጌጥ የሚሰበስብ ሰው የሚከፍለው ለሙሉነቱ ነው። ገዢው በአንድ ቀን አይገኝም። ለክረምቱ ጣሪያ ብላችሁ ከሆነ ጊዜው ይጨንቃል፤ እሱን አልክድም። እኔ ብሆን ለጣሪያው ሌላ መላ እፈልጋለሁ።

ሰንዳፋ ዳር
እኔ ስለ ኦፓሉ ሐሳብ አለኝ። ድንጋይ መቀየር ይህን ያህል የሚያስፈራ አይመስለኝም። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1810 ለሚስቱ ለማሪ ሉዊዝ ያሠራላት ዘውድ አለ። ሲሠራ ኤመራልድ የሚባል አረንጓዴ ድንጋይ ነበር የገባበት። በ1953 የፈረንሳዩ ጌጥ ቤት ቫን ክሊፍ ኤንድ አርፔልስ ገዝተው ኤመራልዶቹን አወጡ፣ በኋላ 79 የኢራን ቱርኩዊዝ አገቡበት። 1,006 አልማዞቹ እንዳሉ ናቸው። ዛሬ ዋሽንግተን ስሚዝሶንያን ሙዚየም ውስጥ ሰው ተሰልፎ ያየዋል። ቱርኩዊዝና አልማዝ አብረው ሲታዩ እንዴት እንደሚያምሩ ካየሁት ሁሉ ይበልጣል። ያ ዘውድ ተቀይሮ ካማረበት የእህታችን ብሮሽ ለምን አይቀየርም? ደግሞ የወሎ ኦፓል የራሳችን ነው። ከዴላንታ፣ ከወገል ጤና የወጣ ድንጋይ በሙሽራ ደረት ላይ ሲያበራ አስቡት።

ድንጋይ ወዳድ (ሱሉልታ)
ዘውዱን በደንብ አንስተኸዋል፤ ግን የታሪኩን ሌላ ግማሽ እናክልበት። የወጡት ኤመራልዶች አንድ በአንድ በየጌጡ ተሸጡ። አሁን ያንን ዘውድ ናፖሊዮን እንዳየው ሊያየው የሚችል ሰው የለም። ቱርኩዊዙ ያምራል፣ አዎ። የጠፋውም ጠፍቷል። ደግሞ እነሱ 79ኙንም ነው የቀየሩት፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ። እዚህ የተባለው ግማሹን ማውጣት ነው። ሰማያዊ ቱርኩዊዝ ጎን የሚያበራ ኦፓል ሲገባ ዓይን ሁለት ቦታ ይሄዳል፤ አበባው ይፈርሳል።

ሌላው ደግሞ፣ የወሎ ኦፓል ራሱ ውሃ ይጠጣል። ሲረጥብ ግልጽ ይሆንና የቀለሙ ጨዋታ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ቅቤና ሽቶ ለሱም ጠላት ነው። ቱርኩዊዙ የወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ ሌላ የሚወድቅ ድንጋይ ማስገባት ነው የሚሆነው።

የወሎ ኦፓልን እወደዋለሁ። ለዚህም ነው የራሱ ጌጥ ይሠራለት የምለው። እናትሽ ለሠርጉ ኦፓል ካማራት አንድ ድንጋይ ይመረጥና ቀለበት ይሠራ። የአያትሽ ብሮሽ ብሮሽ ሆኖ ይቆይ።

የለገጣፎዋ
ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። ቀለበቱን ስትሰማ ፊቷ በራ። ወንድሜ ገና አልተዋጠለትም፤ ግን በግራም አይሸጥም በሚለው ተስማምቷል። ሦስቱም አንድ ላይ ይቆያሉ።

ጋሼ፣ የወደቀውን አልማዝ ማስገባት ይቻላል? አልማዞቹ እውነተኛ መሆናቸውንስ እንዴት ነው የማውቀው?

የቃሊቲ አንጥረኛ
ይቻላል ልጄ። እውነተኛነቱን እናስቀድም። ዛሬ አልማዝ የሚያስመስለው ዋናው ነገር ኪውቢክ ዚርኮኒያ ነው፤ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሌላው ማስመሰያ ሞይሳናይት የመጣው ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ። ጌጡ ከዚያ በፊት አያትሽ እጅ ከገባ፣ በኋላም ማንም ካልነካው፣ እነዚህ ሁለቱ የሉበትም። የሚቀሩት የዚያን ዘመን ማስመሰያዎች ናቸው፦ መስታወት፣ ነጭ ሳፋየር፣ ሰው ሠራሽ ስፒኔልና የመሳሰሉት። እነሱን ሙቀት የሚለካው የአልማዝ መሞከሪያ በቀላሉ ይለያቸዋል። ብዕር የመሰለ መሣሪያ ነው። ጫፉን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋል፤ አልማዝ ሙቀትን ቶሎ ስለሚያሳልፍ ወዲያው ያውቀዋል። በእስትንፋስ እፍ ብሎ የሚፈትሽ ሰው ካጋጠመሽ አመስግነሽ ውጪ።

በ10 እጥፍ ማጉያ የድንጋዩን አቆራረጥም እንዲያሳይሽ ጠይቂው። የዛሬው ክብ አልማዝ 57 ወይም 58 ገጽ አለው። የዚያን ጊዜ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ በቀላል አቆራረጥ፣ በ17 ወይም በ18 ገጽ የተሠሩ ናቸው። ብልጭታቸው ጥቂት ነው፣ ግን ሰፋፊ ነው። ይህን እወቂ፣ ምክንያቱም በባዶው ቦታ ዘመናዊ ድንጋይ ቢገባ ያ አንዱ ብቻ ሌላ ዓይነት ይንቦገቦጋል። የድሮ ቀለበት ሲፈርስ የሚወጡ ድንጋዮችን የሚያስቀምጥ አንጥረኛ ፈልጊ። የፒያሳው ሰፈር ከፈረሰ በኋላ ብዙዎቹ ቦታ ቀይረዋል። እየጠየቅሽ ሂጂ፤ የድሮ እጅ አሁንም አለ።

ሲሠራ እሳት አይኑር። ድንጋዩን የሚይዙት የወርቅ ጥርሶች ደህና ከሆኑ አልማዙ ይቀመጣል፣ ጥርሱ በመሣሪያ ተገፍቶ ይታጠፋል። በቃ። ጥርስ ተሰብሮ ብየዳ ግድ ካለ፣ በዙሪያው ያሉት ቱርኩዊዞች አስቀድመው መውጣት አለባቸው። እሳት ሲነካው በውስጡ ያለው ውሃ ይወጣል፣ ቀለሙ ይሞታል፣ ይሰነጠቃል። ከብየዳ በኋላ ደግሞ ወርቁን የሚያጸዱበት አሲድ አለ። “አይወጣም፣ እንዲሁ እበይደዋለሁ” የሚልሽን ሰው ጥለሽው ሂጂ።

ከአያት ማዶ
እኔ ደግሞ ይህን ልበል። ከመስጠትሽ በፊት እያንዳንዱን ድንጋይ አጉልተሽ ፎቶ አንሺ። ከፊትም ከኋላም። ግራሙን አስመዝኚና ደረሰኝ ላይ የድንጋዮቹን ቁጥር አስጽፊ። ሥራው አጭር ከሆነ እዚያው ተቀምጠሽ ጠብቂ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዳይሆንብሽ።

የቡራዩ እናት
ቤት ውስጥስ? በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጊው። እድፍ ከያዘ ጨርቁን በንጹሕ ውሃ ትንሽ ነካ አድርገሽ ጠርገሽ ወዲያው አድርቂው። ልብስሽን ከለበስሽ፣ ፀጉርሽን ከሠራሽ፣ ሽቶሽን ከረጨሽና ከደረቀ በኋላ በመጨረሻ አድርጊው። ከመጣሽ መጀመሪያ እሱን አውልቂ። ስታስቀምጪ እያንዳንዱን ለየብቻው በጨርቅ ጠቅልይው፤ የአንዱ አልማዝ የሌላውን ቱርኩዊዝ ይጭረዋል። መስኮት ላይ፣ ምድጃ አጠገብ አይሁን። የሠርግሽ ቀን ቅቤ ካለ ደግሞ ብሮሹን ከትከሻሽ ዝቅ አድርገሽ ያዢው፣ ሰማያዊዎቹ እንዲተርፉ።

የለገጣፎዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማዬ። ዝቅ አድርጌ ነው የማደርገው።

ከጅዳ ተመላሽ
ክሩ ላይ ልግባ፣ ይቅርታ። እኔ ጅዳ ሳለሁ የኢራን ፈይሩዝ ነው ተብዬ የገዛሁት የአንገት ዶቃ አለኝ፤ ቱርኩዊዝን እዚያ ፈይሩዝ ይሉታል። ማያያዣው ብር ነው፣ 925 ይላል። ዶቃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ናቸው፣ በየመሃላቸው ጥቁር መስመር አለ። ጓደኛዬ በጋለ መርፌ እንሞክረው አለችኝ። ልሞክረው?

ድንጋይ ወዳድ (ሱሉልታ)
መርፌውን ተዪው። ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል፣ እውነተኛ ከሆነም ጠባሳ ይቀርበታል። ዶቃ ስለሆነ ቀላል መንገድ አለሽ። ክሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በብርሃን እዪው። ውስጡስ ምን ቀለም ነው? መስመሮቹ አካባቢ ሰማያዊው ጠቆር ብሎ ተጠራቅሟል?

ከጅዳ ተመላሽ
አየሁ። ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ነው። መስመሩ ዳርም ቀለሙ ጠቆር ብሏል።

ድንጋይ ወዳድ (ሱሉልታ)
እንግዲያው ቀለም የተነከረ ነጭ ድንጋይ ነው። ሃውላይት ወይም ማግኒሳይት ይባላሉ፤ በተፈጥሯቸው ጥቁርና ግራጫ ሥር ስላላቸው ለማስመሰል ይመቻሉ። ቀለሙ ከላይ ነው የቀረው፣ ውስጥ አልደረሰም፤ ስንጥቁ ዳር ደግሞ ይጠራቀማል። ቱርኩዊዝ ቢሆን ቀዳዳው ውስጥም ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ባየሽ ነበር። የብሩ 925 ምልክት ለማያያዣው ብቻ ነው የሚናገረው፣ ለዶቃው አይደለም። ልበሺው፣ ያምርብሻል። ግን እንደ ፈይሩዝ እንዳትሸጪው፣ ሌላ ሰውም በዚያ ስም እንዳይገዛሽ። ላብና ሳሙና ቀለሙን ነጭ ቀሚስ ላይ ሊያወጣው ስለሚችል እሱን ተጠንቀቂ።